ሐኒባልን በአማርኛ

በዚህ እትም ከፊደል ገበታችን ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ሩቅ ዘመን ታሪክ እንሄዳለን። ምክንያቱ ደግሞ ይኸውላችሁ። ከትልልቆቹ ልጆች ክፍል አንድ ተማሪ በሳምንቱ ቀናት በሚማርበት ትምህርት ቤት ስለ ጥንቷ ሮም ሪፐብሊክና ስለ ጦርነቶቿ እየተማረ እንደሆነ ነገረኝ። «እስቲ በአማርኛ ንገረን» ስለው «ሮም... ጦርነት... ዝሆን...» አለና ቆመ። ታሪኩ ጠፍቶበት አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ሰዓት ሙሉ ያወራ ነበር። የጠፋው ቃሉ ነው። ይህ ደግሞ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። እናት ከሥራ ገብታ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስትል፣ ከብዙዎቻችሁ የምታገኘው መልስ «ምንም» ነው አይደል?

እንግዲያው ዛሬ ያንን ታሪክ ቤት ውስጥ በሚነገር አማርኛ እንማረው። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፍል ጓደኞቹ የማያዩትን ነገር እንደሚያይም አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ «ሪፐብሊክ» የሚለውን ቃል እንያዝ። ቃሉ የመጣው ከሮማውያን ቋንቋ ከላቲን ነው፤ «ሬስ ፑብሊካ» ማለት «የሕዝብ ጉዳይ» ማለት ነው። እንደ ሮማውያን ትረካ በ509 ከክርስቶስ ልደት በፊት የመጨረሻውን ንጉሣቸውን አባረሩና «ከእንግዲህ ንጉሥ አንፈልግም» አሉ። በንጉሡ ፋንታ በየዓመቱ ሁለት መሪዎች ይመርጡ ነበር። አንዱ ብቻውን እንዳይፈነጭ ሌላው ይይዘዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም ይወርዳሉ። የእነዚህ መሪዎች ስም «ቆንስል» ነው። ቃሉን ሰምታችሁታል! ወላጆቻችሁ ስለ ፓስፖርት ሲያወሩ «ቆንስላ» ይሉ የለ? ሥራው ተለወጠ እንጂ ቃሉ ያው ነው።

ከቆንስሎቹ ጎን ሴኔት ነበረ። በዚያን ዘመን ወደ 300 የሚሆኑ አባላት ነበሩት። «ሴኔት» የሚለው ቃል የወጣው «ሴኔክስ» ከሚለው ነው፤ ትርጉሙም ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ሴኔት ማለት በእኛ አባባል የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ሽማግሌ ማለት ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ምክር የሚጠየቅ ጭምር ነው። በዓረብኛም «ሼክ» መጀመሪያ ሽማግሌ ማለት ነው። ሦስት ሕዝቦች በሦስት ቋንቋ አንድ ዓይነት ሐሳብ አሰቡ። በኢትዮጵያም በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሴኔት ተቋቁሞ ነበር፤ በአማርኛ ስሙ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባላል፤ እስከ 1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም ቆይቷል። ለእናንተ ደግሞ የቅርቡ እዚሁ ሴንት ፖል ያለው የሚኒሶታ ሴኔት ነው። የሚሰበሰብበት ሕንፃ ካፒቶል የተባለው በሮም ካለ ኮረብታ ስም ሲሆን፣ ከላይ የምታዩዋቸው አራት የወርቅ ፈረሶችም የሮማውያንን የጦር ሠረገላ ተከትለው የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንግባ።

የሮም ትልቋ ባላንጣ በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምንለው አገር የነበረች ካርቴጅ የምትባል ከተማ ነበረች። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል፦ ከ264 እስከ 241፣ ከ218 እስከ 201፣ ከዚያም ከ149 እስከ 146፤ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። (ልጆች፣ ከልደት በፊት ያሉ ዓመታት ወደ ኋላ እንደሚቆጠሩ አትርሱ፤ 264 ከ241 ይቀድማል።) በእንግሊዝኛ መጽሐፋችሁ እነዚህ ጦርነቶች «ፑኒክ» ይባላሉ። ቃሉ ግራ ያጋባል፤ በአማርኛ ግን ቀላል ነው። ሮማውያን የካርቴጅን ሰዎች የሚጠሯቸው «ፊንቃውያን» ብለው ነበር፤ ፑኒክም ከዚያ የወጣ ነው። ካርቴጅን የመሠረቷት ከጢሮስ በመርከብ የመጡ ፊንቃውያን ናቸውና። ጢሮስንና ሲዶናን አያቶቻችሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቋቸዋል፤ ጠይቋቸው።

እዚህ ላይ ነው አማርኛችሁ የሚሠራው። የፊንቃውያን ቋንቋ የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ ነው። እናትና ልጅ አይደሉም፤ የአክስትና የአጎት ልጆች በሏቸው። ካርቴጅ በራሷ ሰዎች አፍ «ቀርት ሐዳሽት» ነበር የምትባለው። «ቀርት» ከተማ ነው። «ሐዳሽት»ስ? ቶሎ አትለፉት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። በግዕዝ «ሐዲስ» እንላለን፣ ሐዲስ ኪዳን እንደሚባለው። በአማርኛ ደግሞ «አዲስ» ሆኗል፣ አዲስ አበባ እንደምንለው። ካርቴጅ ማለት «አዲስ ከተማ» ማለት ነው!

የካርቴጅ ታላቅ የጦር መሪ ሐኒባል ይባላል። ስሙ ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ከዕብራይስጥ በመጡት ሐና እና ዮሐንስ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው ነው፤ ጸጋ፣ ቸርነት ማለት ነው። ሁለተኛው በኣል የተባለው የፊንቃውያን አምላክ ስም ሲሆን ፍቺው ጌታ፣ ባለቤት ነው። በአማርኛ «ባል» የምንለው፣ «ባለቤት» «ባለሱቅ» «ባለሙያ» ስንል የምንጠራው «ባለ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። አባቱ ሐሚልካር ደግሞ «ባርቃ» የሚል ቅጽል ስም ነበረው። ሰማይ ላይ ብልጭ የሚለው ምንድን ነው? አዎ፣ መብረቅ። አባትየው «መብረቁ ሐሚልካር» ነበር ማለት ነው። ይህንን ክፍላችሁ ውስጥ ብትናገሩ አስተማሪያችሁ ደስ እንደሚላት እገምታለሁ።

ሐኒባል በ218 ዓመት ከልደት በፊት ሠራዊቱን ይዞ ከእስፔን ተነሣ። በባሕር ሳይሆን በየብስ ዞረ። 37 ዝሆኖች ነበሩት። በደቡብ ፈረንሳይ ሮን የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ፤ በከተማችን በብሩክሊን ፓርክ ምሥራቅ በኩል የሚያልፈውን ሚሲሲፒን አስቡ። ዝሆኖቹ ውኃውን ፈርተው እምቢ አሉ። ሰዎቹ ታዲያ ግንድ ከግንድ አስረው የሚንሳፈፍ ሰፊ መድረክ ሠሩ፤ ዝሆኖቹ መሬት እንዲመስላቸውም ላዩን አፈር አለበሱት። ሁለት ሴት ዝሆኖች ከፊት ተመሩ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። አንዳንዶቹ መሐል ላይ ደንግጠው ውኃ ውስጥ ወደቁ፤ ግን ኩምቢያቸውን ወደ ላይ አውጥተው እየተነፈሱ በወንዙ ሥር እየተራመዱ ተሻገሩ። ከዚያ የአልፕስ ተራሮችን በበረዶ ወጡ። የሚኒሶታ ልጅ በረዶ ላይ መንሸራተት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ብዙ ሺህ ሰው በመንገድ ላይ አለቀ። ዝሆኖቹም ጣሊያን ከገቡ በኋላ በዚያው ክረምት በብርዱ አንድ ሲቀር አለቁ። ሐኒባል በቀረው ዝሆን ላይ ተቀምጦ ረግረጉን ሲያቋርጥ አንድ ዓይኑን በሕመም አጣ።

«ቲቸር፣ ዝሆኖቹ ከእኛ አገር ናቸው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የሐኒባል ዝሆኖች ከሰሜን አፍሪካ ናቸው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የግብፅ ነገሥታት ለጦርነት ዝሆን የሚያስይዙት ከእኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር፤ በመርከብ ወደ ሰሜን ይጭኗቸዋል። ሦስተኛው በጥሊሞስ ከኢትዮጵያ ስለተያዙ ዝሆኖቹ የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በአዱሊስ ወደብ ነበረ። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ገልብጦታል። ድንጋዩ ጠፍቶ የቀረልን የእሱ ግልባጭ ነው።

ሐኒባል ጣሊያን ውስጥ ደጋግሞ አሸነፈ። ከሁሉም የከፋው በ216 በካናይ የተደረገው ነው። ፖሊቢዮስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ሮማውያን 86 ሺህ ያህል ሠራዊት አሰልፈው ነበር። በ2020 ቆጠራ የብሩክሊን ፓርክ ሕዝብም 86 ሺህ ያህል ነበር፤ ከተማችን በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር፣ አንድ ሜዳ ላይ የቆመ ያህል ማለት ነው። ሊቪ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ በዚያች ቀን ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ጽፏል። የሮም ጎረምሶች «ወጥተን እንግጠመው» ሲሉ፣ ፋቢዮስ የሚባለው አዛውንት አስቀድሞ «አትቸኩሉ፣ እየተከታተልን እናድክመው» ብሎ ነበር፤ በፈሪነት ሰደቡት። ከካናይ በኋላ ወደ እሱ ዘዴ ተመለሱ። ሐኒባል 15 ዓመት ያህል ጣሊያን ውስጥ ቆየ፤ ሮምን ግን አልያዛትም። በመጨረሻ ስኪፒዮ የሚባል ወጣት የሮም መሪ ጦሩን ወደ አፍሪካ አሻገረ፤ ሐኒባልም አገሩን ለማዳን ተመለሰ። በ202 በዛማ 80 ዝሆኖች ሲለቀቁበት ስኪፒዮ ወታደሮቹን በረድፍ ከፍሎ መንገድ ከፈተላቸው፤ ብዙዎቹ በመሐል አለፉ። ካርቴጅ ተሸነፈች።

የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከጦርነቱ ይልቅ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ዕዳ ነው። ሮም ካርቴጅን 10,000 መክሊት ብር በ50 ዓመት እንድትከፍል ፈረደችባት፤ በዓመት 200 መክሊት፣ ማለትም ከ5 ሺህ ኪሎ በላይ ብር ነው። ሐኒባል ራሱ የአገሩን ገንዘብ ቤት አስተካከለ፣ የሚሰርቁትን አስቆመ። በ191፣ ገና በአሥረኛው ዓመት ገደማ፣ ካርቴጅ «የቀረውን በሙሉ አሁኑኑ ልክፈል» አለች። ሮም እምቢ አለች! አበዳሪ ገንዘቡን አልቀበልም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሮም የፈለገችው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚጠብቅ ገመድ ነበር። ክፍያው በ151 አለቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ፣ በ146 ካርቴጅ ተቃጠለች፤ የተረፉት ሰዎች ለባርነት ተሸጡ።

ከዚህ የሚቀጥለውን ወላጆችም ልብ በሉልኝ። የካርቴጅ መጻሕፍት ተበተኑ። የሮም ሴኔት ማጎ የሚባል ሰው ስለ እርሻ የጻፋቸውን 28 ጥራዞች ብቻ ወደ ላቲን እንዲተረጎሙ አዘዘ፤ እነሱም ዛሬ በሙሉ የሉም። እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ፣ የዝሆኖቹ መሻገር፣ ዓይኑ፣ ካናይ፣ የተጻፈው በግሪክና በላቲን ነው። ሐኒባል በራሱ ቋንቋ ስለዚያ ጉዞ ምን ይል እንደነበር የምናነብበት አንድ መጽሐፍ የለንም። ቋንቋው ግን ከተማዋ ስትቃጠል ወዲያው አልሞተም። በ430 እ.ኤ.አ. ያረፈው አውግስጢኖስ በእሱ ዘመን የገጠር ሰዎች ገና እንደሚናገሩት ጽፏል። ከ500 ዓመት በላይ ማለት ነው! ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ መንግሥት ሳይኖር፣ እናት ለልጇ እየነገረች።

አድዋን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የጣሊያን ሰዎች በቋንቋቸው ጽፈዋል፤ የእኛም ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ውስጥ በአማርኛ ጽፈውታል። ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ይቻላል፤ አማርኛ ለሚያነብ።

የቤት ሥራ፦ የሐኒባልን ጉዞ ከእስፔን እስከ ዛማ በስምንት ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉ። እነዚህን ቃላት ተጠቀሙ፦ ሠራዊት፣ ኩምቢ፣ ረግረግ፣ ሽማግሌ፣ ዕዳ፣ መብረቅ። «ባለ» ብለው የሚጀምሩ አሥር ቃላትም ከቤተሰብ ሰብስቡ። ከዚያ ታሪኩን ሳታነቡ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ፣ አለዚያም አገር ቤት ላሉት አያቶቻችሁ በስልክ ንገሯቸው። እነሱ የሚጠይቋችሁን አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ቅዳሜ አምጡልኝ። ወላጆች፣ ልጁ መሐል ላይ ቃል ሲጠፋው ቃሏን ብቻ አቀብሉት፤ ዓረፍተ ነገሩን እሱ ይጨርሰው።