ከበርሜሉ በፊት

ደብተሩን አትሸፍኝብኝ፤ ከኋላሽ ቆሜ አንብቤ ጨርሻለሁ። 200 ሊትር በርሜል፣ የአረቄ ማውጫ፣ ትልቅ ድስት፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር። በርሜሉ ሥር ሁለቴ አስምረሻል። ዕቁቡ ወጥቶልሻል፣ የገበያ ቀን ጠላሽ ከቀትር በፊት ያልቃል፤ ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ይገዛ ብለሽ ቆርጠሻል። እትዬ ትይኝ የለ? እንግዲያው ብዕሩን አስቀምጪና ስሚኝ።

ባለፈው ሳምንት ስንት ሊትር ደፋሽ? ስንት ሸጥሽ አላልኩሽም። ከፍተሽው ኮምጥጦ አተላ ላይ የደፋሽውን ነው የምጠይቅሽ። አልነገርሽኝም እንጂ አይቼሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋኑ ሲከፈት ያ ጠላ ምን ይወጣለት ነበር! ጥርት ብሏል፣ የወይራው ጭስ አፍ ላይ ይቀራል፣ ጌሾው ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። እሑድም ደህና ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን ጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ስል የሸተተኝ ኮምጣጤ ነው። አንድ ሽማግሌም ቀምሰው «ጠላሽ ዛሬ ምን ነካው?» ብለው ብርጭቆውን እንደ ሞላ ትተውልሽ ሄዱ። ከበርሜል ይልቅ ይህ ሊያሳስብሽ ይገባል።

ጋኑ ምንም አልበደለም። አጥፊው ጣሳሽ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ክዳኑ ይነሳል፣ ጣሳው ይጠልቃል፣ የተቀዳው ቦታ በአየር ይተካል። ጠላን ኮምጣጤ የሚያደርጉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ አየር ካላገኙ ሥራ የላቸውም፤ አንቺ በየጣሳው ቀለብ ትሰፍሪላቸዋለሽ። 60 ሊትር የሚይዘው ጋንሽ በአራት ቀን እንዲህ ከሆነ፣ 200 ሊትሩ ሲከፈት ስንት ቀን ሙሉ ልትቀጂለት ነው? የገበያ ቀን የሚጎድልብሽን ያህል በአዘቦት ቀን ትደፊያለሽ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ትንንሽ ነው የምገዛው። ባለ 20 ሊትር አራት፣ ክዳናቸው የሚጠመዘዝ፣ አፋቸው ሰፊ። ጥንስሱና ድፍድፉ እንደ ልማዱ በጋን ይሁን፤ ውሃ ጨምረሽ ደርሶ ሲጠል አጥርተሽ ወደ አራቱ ታወርጂዋለሽ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። የገበያ ቀን ሦስቱንም ቢሆን ትከፍቻለሽ፤ በአዘቦት ቀን አንዱ ይበቃል። ከኮመጠጠም የሚኮመጥጠው የመጨረሻው ቅሪት ነው። አራቱ 80 ሊትር ይይዛሉ፤ ከጋንሽ በ20 ሊትር ይበልጣሉ፣ ያውም ሳይደፋ።

አሞላሉ ላይ ተጠንቀቂ። እስከ አንገቱ ሙዪና አራት ጣት ያህል ክፍት ተዪ፤ ባዶ ቦታው በሰፋ ቁጥር ውስጥ የሚቀረው አየር ይበዛል። ክዳኑን ግን በመጀመሪያው ቀን ጥርቅም አድርገሽ እንዳትዘጊ። ጠላው ገና እየፈላ ነው፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። እኔ አንዴ አጥብቄ ዘግቼ ተኝቼ፣ ሌሊት ዕቃው እንደ ኳስ ተነፍቶ ክዳኑ ጣሪያ መትቶ ነው የቀሰቀሰኝ። ጠዋትና ማታ ክዳኑን ላላ እያደረግሽ አስተንፍሺው።

ከአራቱ አንዱ ላይ ቧንቧ አስገጥሚ። ከታች ሳይሆን ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይበሳ፤ አተላው ሥር ይረጋል፣ ቧንቧው ጥሩውን ይቀዳል። በቧንቧ ሲቀዳም አየር መግባቱ አይቀርም፣ ግን የማንም እጅና ጣሳ ጠላው ውስጥ አይጠልቅም። ባለቀ ቁጥር ቧንቧውን ፈትተሽ እጠቢው፤ ውስጡ የተደበቀ አተላ ቀጣዩን ጠላ ያበላሽብሻል።

እጅሽ ገብቶ ሥሩን የማይነካውን ዕቃ ደግሞ በነፃ ቢሰጡሽ አትቀበዪ። የዘይት ጀሪካን ለዚህ ነው የማልወደው፤ አፉ ጠባብ ነው፣ የቀረው ዘይት ይሻግታል፣ ፍቀሽ አታወጪውም። የቀለም ባልዲማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ልኩ ደህና ስለሆነና ስለሚረክስ ስንቱ ቤት እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው።

የራሴን ጉድ ልንገርሽና ሳቂ። እንዳንቺ በርሜል ካልገዛሁ ብዬ ያገለገለ ሰማያዊ በርሜል አመጣሁ። ሻጩ «ምግብ ነበረበት» አለኝ፤ ሥሩም በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ነበረበትና አመንኩ። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚነግርሽ፤ ትናንት ምን እንደ ተሸከመ አይነግርሽም። በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ ሳሸተው ምንም የለውም። ድፍድፉ ገብቶ ሞቅ ሲል ግን ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ሆነ። የስንት ቀን ብቅል፣ የስንት ምጣድ እንኩሮ! ከብት እንኳ አልቀመሰውም። ከዚያ ወዲህ አዲስም ይሁን አሮጌ ፕላስቲክ የምፈትነው በአንድ መንገድ ነው፤ የሞቀ ውሃ ሞልቼ፣ ዘግቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቁርስም ቡናም ሳልቀምስ ከፍቼ አሸተዋለሁ። አፍንጫ ሌላ ነገር ሳይሸተው አይዋሽም። የብርጭቆና የሹካ ምልክት ካለበት ለምግብ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ቢሆንም አሽቺው።

በፕላስቲኩ ምክንያት ግን ጋኑን እንዳትንቂው። ጭሱን የሚይዘው ሸክላ ነው። በግራዋ አጥበሽ፣ በወይራ አጥነሽ፣ ገና ጭሱ ሳይወጣ ጥንስሱን ስትጨምሪ የሚሰጥሽን ጣዕም ፕላስቲክ አይሰጥሽም፤ ላጥነው ብትዪም ይቀልጥብሻል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩን በአሸዋ ወይም በሽቦ አትፈግፍጊው፤ ጭረቱ ውስጥ ኮምጣጤው ይደበቃል። ክረምት ላይ የበቾ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ወለላችን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ ጋኑን ከመሬት ከፍ አድርጊው፣ ሁለት ጥርብ እንጨት ይበቃል።

ከተረፈሽ ሚዛኑን ግዢ። እማዬ ሚዛን አልነበራትም ትይኛለሽ፤ እማዬ አንዲት የቲማቲም ጣሳ ነበረቻት፣ ዕድሜዋን ሁሉ ጌሾውንም ብቅሉንም በእሷ ሰፈረች። አንቺ ባለፈው ጌሾውን በእፍኝ፣ ከዚያ በፊት በሳህን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በግምት ጨመርሽ። ለዚህ ነው ጠላሽ አንዱን ሳምንት የሚመርብሽ፣ ሌላውን አልጫ የሚሆንብሽ። የመዘንሽውን እዚሁ ደብተር ላይ ጻፊ፤ በርሜል ሥር ከማስመር ይሻላል።

ቴርሞሜትሩ ርካሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ብቻ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተሽ 93 ገደማ ላይ ሲቆም ተበላሸ ብለሽ እንዳትጥዪው፤ ተፍኪ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ ይፈላል። የሚጠቅምሽ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊቱ ሲቆረጥም ድፍድፉ ይተኛል። 20 እና 25 መካከል ካላገኘሽው ማሞቂያ መግዛት ውስጥ እንዳትገቢ፤ ጋኑን ምድጃው አጠገብ አስጠጊና በጆንያ ጠቅልዪው፣ የራሱ ፍላት ያሞቀዋል።

ድስቱ ይቆይ። የአሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ጠላ እንዳታሳድሪበት፣ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ሰዎች እንኳ ያን ሁሉ ማሽንና ቧንቧ ይዘው ቢራው አየር እንዳያገኘው ነው የሚለፉት። አንቺ ያንኑ ሥራ በአራት ክዳን ልትሠሪ ነው።

የአረቄ ማውጫውን ሰርዢው። በብረት በርሜልና በመኪና ራዲያተር የሚሠራውን አይተሽ ነው ያማረሽ፣ አውቄያለሁ። የራዲያተሩ ብየዳ እርሳስ አለበት፤ አረቄው ይዞት ይወርዳል፣ ዓይን አያየውም፣ ምላስም አያውቀውም። እሳቱም አለ። ትነቱ ከከሰሉ ጋር በተገናኘ ጊዜ ማን ነው ልጆቹን የሚያወጣው? በዚህስ አታሟግቺኝ።

በይ አሁን ቅጠሉን ገልብጪና እንደገና ጻፊ። አራት ባለ ክዳን፣ አንድ ቧንቧ፣ ሚዛን። ሱቁ ነገ በጠዋት ይከፍታል፤ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ቁርስ ሳልበላ።