ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ባለቤት፦ የሱቅን ነጻነት በኮምፒውተር ስለማጣራት

እንደሚታወቀው አንድ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት አነስ ያለ ዕቃ ሲገዛ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ዋጋው ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝቅተኛው ያሸንፋል። ሦስቱ በእርግጥ ከተፎካከሩ ገዢው አይጎዳም። ታዲያ ሦስቱም ሱቆች የአንድ ሰው ቢሆኑስ? ማኅተሙ ሦስት፣ ስሙ ሦስት፣ ኪሱ ግን አንድ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በጨረታ መመሳጠርን ከልክሏል። የግዥ ሠራተኛው ግን አዋጁን ከመጥቀሱ በፊት ሱቆቹ የተለያዩ መሆን አለመሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ ለሱሉልታ የግዥ ሠራተኛ የሚሆን ቀላል ሶፍትዌር ምን ሊሠራለት እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም እንመለከታለን።

መነሻችን ወረቀቱ ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በሚወጣ ደረሰኝ ላይ የነጋዴው ስምና 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁላችንም ቲን የምንለው፣ ይታተማል። ቲኑ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባዘጋጀው ኢ-ትሬድ በሚባለው ሥርዓት ሲፈለግ የተመዘገበው ስም፣ የሥራ አስኪያጁ ስም፣ የተከፈለው ካፒታል፣ የፈቃዱ ዘርፍና የታደሰበት ዘመን ይወጣል።

እንግዲህ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ሦስቱን ቲኖች ያወዳድራል። ሁለት ሱቆች በተለያየ የንግድ ስም ግን በአንድ ቲን ከመጡ ነገሩ አለቀ፤ ነጋዴው አንድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቲን ከአንድ በላይ ፈቃድ ማውጣቱ ጥፋት የለውም፤ ጣጣው ሁለት ተፎካካሪ መስሎ መቅረቡ ነው።

አስቸጋሪው ቲኖቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ግለሰቡ የራሱ ቲን አለው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲያቋቁም ማኅበሩ ሌላ ቲን ያገኛል። ድሮ ለዚህ ቢያንስ አንድ ሸሪክ ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ግን ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል። ስለዚህ አንድ ሰው የማንንም ስም ሳይዋስ ሁለት ንጹሕ ቁጥሮች ሊይዝ ይችላል። ኮምፒውተሩም ያለ ምንም ሐፍረት «የተለያዩ ናቸው» ይላል! የሥራ አስኪያጁ ስም ትንሽ ይረዳል፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪም ሊሆን ይችላል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ስንሄድ ነገሩ የባሰ ነው። እዚሁ ሱሉልታ የሚታሸገውን አቢሲኒያ ውኃ እንውሰድ። ስሙ የአገር ስም፣ ውኃውም የእኛው ምድር ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የስዊዘርላንዱ ኔስሌ አብላጫውን ድርሻ ገዛ፤ ስሙ እንደነበረ ቀጠለ። ወደ ሰበታ ብንሻገር ደግሞ ሜታ ቢራ አለ። ከመንግሥት እጅ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ። በ2022 ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ገዛው። አንዱ ጠጪ ሜታ፣ ሌላው ጊዮርጊስ አዝዞ ሲከራከሩ ገንዘቡ ወደ አንድ ቤት ይገባ ነበር ማለት ነው። የጠርሙሱን ወረቀት ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ይህን ከየት ያመጣዋል?

በእንግሊዝ አገር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ስሙ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እዚያ የሶፍትዌሩ ሥራ መዝገቡን ማገላበጥ ነው። እኛ ዘንድ የግል ማኅበር አባላት ስም ያለው በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ነውና የግዥ ሠራተኛው የመመሥረቻ ጽሑፉን ቅጂ ከፕሮፎርማው ጋር ቢጠይቅ ጥሩ ነው። አንድ ወረቀት ጨመረ ብሎ የሚያጉረመርም ነጋዴ ይኖራል፤ ያጉረምርም።

የአባላቱ ስም ተገኘ እንበል። አሁን ደግሞ የፊደል ጉዳይ ይመጣል። «ኃይሉ» አንዱ ወረቀት ላይ «ሀይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሐይሉ» ሊሆን ይችላል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከማወዳደሩ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ግዴታ ነው። ሱሉልታ ላይ ያው ስም በቁቤም ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ካላነበበ ግማሽ ዓይኑ ጠፍቷል። አድራሻም እንዲሁ ነው። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ስለተጠቃለለች «ሱሉልታ ከተማ» የሚል የቆየ ወረቀትና «ሸገር ከተማ፣ ሱሉልታ» የሚል አዲስ ወረቀት አንድ ቦታ መሆናቸውን ማወቅ አለበት።

ከፊደል የሚከብደው ዝምድና ነው። ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ስላላቸው ባልና ሚስትን በስም መጠርጠር ይችላሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ ወንድምና እህትን ሊያሳየን ይችላል፣ ባልና ሚስትን ግን ፈጽሞ አያሳይም። ሚስት በአባቷ ስም ነውና የምትጠራው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የከፈቷቸው ሱቆች በመዝገብ ላይ ባዕድ ናቸው። በሌላ በኩል የአባታቸው ስም ስለተገጣጠመ ብቻ የማይተዋወቁ ሰዎችን ወንድማማች ያደርጋቸዋል። የሒሳብ አያያዝ ትምህርታችን ይህን ቀድሞ ያውቃል፦ ዓለም አቀፉ የሒሳብ መመዘኛ ቁጥር 24 ዝምድና ያላቸው ወገኖችን ሲዘረዝር የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ይጨምራል። መመዘኛው የሚያውቀውን መዝገቡ ስለማይመዘግብ ፕሮግራሙ ከየትም አያገኘውም።

በእኔ አስተያየት ሶፍትዌሩ በስክሪኑ ላይ «ነጻ ድርጅት ነው» የሚል ቃል ጨርሶ መጻፍ የለበትም። አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይችላል፤ አንድ አለመሆናቸውን ግን አይችልም። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሁን፦ «አንድ ቲን»፣ «ግንኙነት ሊኖር ይችላል፣ ይጣራ» ወይም «በተመዘገበው መረጃ ግንኙነት አልተገኘም»። ሦስተኛው መልስ ሲመጣ ሠራተኛው አቅራቢው ከሌሎቹ ሁለት ጋር የባለቤትነትም የቤተሰብም ግንኙነት እንደሌለው የሚፈርምበት አጭር ቅጽ ከፕሮፎርማው ጋር ያያይዝ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፊርማው አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኦዲተሩና የሕግ ክፍሉ ሥራ ነው።