ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት

ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ወለል ሲታደስ ግንበኛው «እንዴት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቀው መምህሩን ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ስለ ሴራሚኩ ቀለም ይጨነቃል፤ ዋናው ሥራ ግን ያለው ከሥር፣ በአሮጌው ሊሾ ላይ ነው። ሊሾ ሆን ተብሎ እንዲለሰልስ የተሠራ፣ ለዓመታት ሰም የጠጣ ወለል ስለሆነ አዲስ ሲሚንቶ በደንብ አይይዝም። ሴራሚኩ ለጊዜው የተጣበቀ ይመስልና ቆይቶ ይነሣል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ቀረ ማለት ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ወለሉ ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ። ውሃው ከሰረገ ደህና። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ግን ሰም ወይም ዘይት አለበት። በሳሙና አጥቦ ዝም ማለት (አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል!) አይበቃም፤ በመሮና በመዶሻ እየተመታ ፊቱ ይሻክር።

ቀጥሎ ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳን እናዳምጥ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከሥሩ ለቋልና ተነሥቶ እንደገና ይሞላ። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅም እንዲሁ ቢሸፈን በሴራሚኩ ላይ ይወጣል። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ሲጋደምበት ክፍተት የሚታይበት ጎድጓዳም ይስተካከል።

አቧራው ከተጠረገ በኋላ፣ የሚነጠፈው በሲሚንቶና በአሸዋ ከሆነ ወለሉ ይርጠብ፤ ደረቅ ወለል የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠዋል። ውሃ በቆመበት ላይ ግን አይነጠፍም።