ውሻው ከመገደሉ በፊት፦ ስለ ኃይል፣ ስለ አማናና ስለ ሕዝብ አመኔታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችን ቀላል አድርገን ስለምናልፈው ጉዳይ ነው፤ ስለ ውሻ። ጎንደር ውስጥ ከዒሻ ሶላት በኋላ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ የሚያጅበንን የውሻ መንጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ደጋ የመጣን ደግሞ በጎቻችንን ከጅብና ከቀበሮ ሲጠብቅልን ያደረውን ውሻ አንረሳም። ፍርሃቱም እውነት ነው፣ ውለታውም እውነት ነው። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ፖሊስ፣ ሚሊሻ ወይም ማዘጋጃ ቤት ባለቤት ያለውን ውሻ ሲገድል የሚጎዳው ውሻው ብቻ ነውን?

1. ሸሪዓው ምን ያስተምረናል?

በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ማሊኪያዎች ደግሞ ውሻ በአካሉ ጦሃራ ነው ይላሉ። በዚህ ቢለያዩም፣ ነጃሳ መሆኑ እንስሳውን ለማሠቃየት ፈቃድ እንደማይሆን ግን ይስማማሉ። የተጠማ ውሻን በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣውና አላህ ምሕረት ስላደረገለት ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

ሰሒሕ ሙስሊም ላይ በጃቢር በኩል እንደተዘገበው፣ መዲና ውስጥ ውሾች እንዲገደሉ መጀመሪያ ታዝዞ ነበር፤ ኋላ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከተወሰነ ዓይነት በስተቀር ከለከሉ። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዝ ውሻም ተፈቀደ። በሌላ በኩል ተናካሽ ውሻ በኢሕራም ውስጥ ያለ ሰው እንኳ ሊገድላቸው ከተፈቀዱለት ጎጂ እንስሳት አንዱ ነው። መግደል ግድ ሲሆንም በኢሕሳን እንድንገድል ታዘናል፤ ሕይወት ያለውን ነገር የተኩስ ወይም የውርወራ ዒላማ ማድረግም ተከልክሏል።

ከእነዚህ ሐዲሶች የምንማረው መለየትን ነው። ፈቃዱ ከጉዳት ጋር የታሰረ ነው። ሰውን የሚያጠቃውንና በባለቤቱ ደጅ ታስሮ የሚጮኸውን በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ወደ ግቢ የገባ እንግዳ ፖሊስም ቢሆን፣ ውሻው ሲጮኽበት ሥራውን እየሠራ ነው።

2. የበሽታው ነገር

ባለሥልጣናት ውሻ ላይ ኃይል የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታን በመፍራት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ምሁራን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሰሜን ጎንደር ዞን በዓመት ከ100,000 ሰዎች 2.33 ያህሉ በዚህ በሽታ እንደሚያዙ ገምቷል።

ታዲያ መፍትሔው ጥይት ነውን? አንድ ሕፃን ተነከሰ እንበል። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምራል። ውሻው ጤነኛ ከመሰለ ደግሞ ታስሮ ለ10 ቀናት ይጠበቃል። እነዚያን ቀናት በጤና ካለፈ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የልጁን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል። ውሻው እዚያው ከተገደለ ግን ይህ መረጃ አብሮ ይሞታል። ከሞተ በኋላ የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ፣ ጭንቅላቱን የመታ ጥይት ምርመራውንም ያበላሻል።

3. ባለቤቱ ሲፈራ

የአመኔታ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ውሻው ማንን እንደነከሰ፣ መቼ ጠባዩ እንደተለወጠ፣ ተከትቦ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ቢናገር ውሻው በጥይት እንደሚገደል ካመነ አይናገርም። ውሻውን ይደብቃል፣ ወይም ለሌላ ቀበሌ ዘመድ ይሰጠዋል። በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ይህን በተግባር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲነሣ ውሾች በጅምላ ተገደሉ። የተከተቡትም ሳይቀሩ ሲገደሉ ሰዎች ውሾቻቸውን ማሸሽ ጀመሩ፤ በሽታውም ተስፋፋ። ከ2010 ጀምሮ በመላ ደሴቷ ክትባት ሲሰጥ ግን የሟቾች ቁጥር በጥቂት ዓመታት አሽቆለቆለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከውሾች 70 በመቶውን መከተብ የበሽታውን ሰንሰለት እንደሚበጥስ ይመክራል።

በአገራችንም አዲስ አበባን ጨምሮ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በሥጋ አድርጎ መበተን የቆየ አሠራር ነበር። መርዝ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ ሞቱም የሥቃይ ሞት ነው። ሬሳውን የሚበላ ጥንብ አንሣም ይመረዛል።

ፖሊሶች ለሥራ ሰው ቤት ሲሄዱ የቤት ውሻ ገድለው ብዙ ቅሬታ በተነሣባት አሜሪካ፣ የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ፖሊሶች የውሻን ጠባይ እንዲማሩ፣ ሁኔታው ሲፈቅድም ባለቤቱ ውሻውን እንዲይዝ ዕድል እንዲሰጡ ያዛል። ውሻዬን ላስር ብሎ አንድ ደቂቃ የጠየቀ ሰው ደቂቃዋን ካገኘ፣ በሌላ ቀን ለዚያው ፖሊስ በሩን ይከፍታል።

4. የእኛም አማና

ጣታችንን ወደ ፖሊስ ብቻ አንቀስር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ውሻ ይዞ ሳያስከትቡ መንገድ ላይ መልቀቅ የጎረቤትን ሐቅ መንካት ነው። በሐዲስ ከተፈቀደው ዓላማ ውጭ ውሻ የሚያሳድግ ሰው በየቀኑ ከምንዳው እንደሚቀነስበትም እናስታውስ። ደግሞም ታሞ ሰው የሚያጠቃ ውሻን አደጋ ለመከላከል የተኮሰ ፖሊስ ግዴታውን ተወጥቷልና አናውግዘው።

ስለዚህ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሦስት ነገር እናድርግ፦ የቤታችንን ውሻ እናስከትብ፤ ለተነከሰ ሰው የባህል መድኃኒት ብቻ እንደማይበቃ፣ ክትባት እንደሚያስፈልግ ለቤተሰብ እንንገር፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይም ግድያ ከመታወጁ በፊት ክትባት እንዲቀድም እንጠይቅ።

ለውይይት፦

ሀ. ነጃሳ መሆንና ጎጂ መሆን ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ለ. በሰፈራችሁ ውሻ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ለፖሊስ ይናገራል? ካልተናገረ ለምን?
ሐ. ግቢ የሚገባ ፖሊስና የውሻው ባለቤት አንዱ ከሌላው ምን ይጠብቃል?

ወላሁ አዕለም።