ስለ ሌሊት መሸታና ስለ ጽዋ ልክ

ደስታ እግዚአብሔር ለሰው ከሰጣቸው ስጦታዎች አንዱ ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሚስቅና የሚጫወት ሰው ስታይ የምትቈጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ይህ ከትምህርቷ የራቀ አሳብ ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን አድርጓል። ሐዋርያው ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና በአቋቋም ሊቅነታቸውና በቀልዳቸው አንድ ላይ ይታወሳሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መጠጥ ርኩስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳይሆን፣ የሰው ደስታ በምን ይለካል የሚለውን ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝን አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ፣ በደብረ ታቦር ፊደል ያስቈጠርሁትንና ዳዊት ያስደገምሁትን አንድ ወጣት እንድጠይቅላት እናቱ አደራ ብላኝ ነበር። የሚሠራበትን ቤት ፈልጌ ብሄድ መሸታ ቤት ሆኖ አገኘሁት፤ በዛሬው አጠራር ባር ይሉታል። የደረስሁት እንግዶች ሳይገቡ፣ ገና ሳይመሽ ስለ ነበር፣ ልጁ ወንበር አቅርቦልኝ ሥራውን አሳየኝ። ሥራው ኮክቴል ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም ብርቱ መጠጥን ከፍራፍሬ ጭማቂ፣ ከስኳርና ከበረዶ ጋር ቀይጦ በጌጠኛ ብርጭቆ ማቅረብ ማለት ነው። ያ ሌሊት የአገር ቤት ምሽት ተብሎ ስለ ተሰየመ፣ ግድግዳው በሰፌድና በአገልግል አጊጧል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይቃኛል፤ መጠጦቹም ሁሉ በአገራችን ተራሮችና ከተሞች ስም ተጠርተዋል። ከስሞቹ መካከል «ታቦር» የሚል አነበብሁ። አረቄ፣ ማርና ሎሚ ተቀይጦ በላዩ እሳት ይለኰስበታል፤ እሳቱም የቡሄ ችቦ ምሳሌ መሆኑን ነገረኝ።

ዝም ማለቴን አይቶ፣ «የኔታ፣ አዘኑብኝ መሰለኝ። ነገር ግን እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ እየሸጠች አሳደገችኝ። የእርሷ ካልተነቀፈ የእኔ ስለ ምን ይነቀፋል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው በችኰላ የሚመለስ አይደለም። በደብረ ታቦር ብርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ደጋ ላይ፣ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶበት የሚታየው ደጃፍ የብዙ መበለቶች እርሻ ነው። ጋኑን በወይራ ጢስ አጥና፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ እንኩሮውን አንኩራ የምትጠምቀው እናት በዚያ ገንዘብ ደብተርና እርሳስ ገዝታለች። ይህን ድካም ማን ይነቅፋል? ሆኖም ከዚያው ደጃፍ በገበያ ቀን የእህሉን ዋጋ ጠጥቶ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን የመታ ገበሬም ወጥቷል። እንግዲህ የገጠሩም ጠላ ቤት የከተማውም ባር የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው። ሚዛኑም ሦስት ነገር አለው።

1ኛ፤ ልክ ነው። የጠላ ኃይል ጥቂት ነው፤ የጠጅ ይበልጣል፤ የአረቄ ግን ከጠላው ብዙ እጥፍ ነው። በኮክቴል ውስጥ ማሩና ጭማቂው የአረቄውን ምሬት ስለሚሸፍኑት፣ ጠጪው ልኩን ማለፉን የሚያውቀው ከወንበሩ ሲነሣ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ የመጠጡን መልክ ሳይሆን ፍጻሜውን እንድናይ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በሰካራሞች ምክንያት ወይኑን የሚነቅፉትን ገሥጾ፣ ነቀፋው በስካሩ ላይ እንዲሆን አስተምሯል።

2ኛ፤ ማኅበር ነው። በጽዋ ማኅበር ምእመናን በየወሩ በቅዱሱ ስም ይሰበሰባሉ፤ ጠላውና ዳቦው በጸሎት ይባረካል፤ ለድኻው ድርሻ ይሰጣል፤ የቀረ ሰው ቢኖር ታሞ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ስለዚህ የቅዱሱ ስም በጽዋው ላይ ሲጠራ ፍቅርን ግዴታ ያደርጋል። ስም መዋስ ለመጠጥ ነጋዴዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ቢራ ፋብሪካ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ይዟል። ነገር ግን ስሙ ተወስዶ ግዴታው ከቀረ፣ በብርጭቆው ላይ የሚቀረው ጌጥ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ፍጻሜ ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችበትን ተራራ፣ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረውንም በዓል እናስብ። ጴጥሮስ በታቦር ብርሃኑን ባየ ጊዜ በዚያ መኖር መልካም ሆኖ ታይቶት ሦስት ዳስ ሊሠራ ወደደ። ጌታችን ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ከተራራው ወረደ፤ ከግርጌው የታመመ ልጁን የያዘ አባት ይጠብቅ ነበርና። ቅዱሱ ደስታ እንኳ መውረጃ ካለው፣ የመሸታ ቤት ደስታ እንዴት ዳስ ይሠራበታል? በእያንዳንዱ ጠጪ ግርጌ የሚጠብቅ አለ፤ ያልተኛ ሕፃን፣ መብራት ያላጠፋች ሚስት፣ ያልተከፈለ የቤት ኪራይ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ከነገርሁት በኋላ እንዲህ አልሁት። «ልጄ፣ እንጀራህን አልረግምብህም። ነገር ግን እናትህ ደንበኛዋን በስሙ ስለምታውቀው፣ ይበቃሃል፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል ስትል ሰምቻታለሁ። አንተም ለሰከረ አትጨምር፤ መኪና የሚነዳውን ከልክል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ለልጅ አትቅዳ። የታቦርንም ስም ከአረቄ ላይ ያነሡ ዘንድ ጌቶችህን ለምን። ደግሞም ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ አገርህ አልሄድህም፤ ከተራራው ግርጌ ከሚጠብቁት አንዷ እናትህ ናት።»

ልጁ ብርጭቆውን እየወለወለ ብዙ ዝም አለ፤ ቀጥሎም፣ «ለቡሄ እመጣለሁ ይበሉልኝ» አለኝ። እንግዶቹም መግባት ስለ ጀመሩ መርቄው ወጣሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ወደ ሰርግ፣ ወደ ማኅበር ወይም ወደ መሸታ ቤት ስትገባ፣ የሚጠብቅህ ማን እንደ ሆነ አስቀድመህ አስብ፤ ጽዋህም በዚያ ይለካ። ደስታችንን በልክ፣ ፍጻሜያችንንም በሰላም ያደርግልን ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየን፤ አሜን።