ያልተፈረመ ቀን አይቆጠርም

(ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በመርከብ ኤሌክትሪክ ክፍል አሳልፈው ጡረታ የወጡ የጋሞ ሰው ናቸው። ጠያቂው ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ ወጣት ነው።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ስለ ዲፒ ሥራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ደመወዙን ብቻ ነው። ሥራው ራሱ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ጫሞ ላይ አዞ ገበያ ሄደሃል አይደል? ነጂው ሞተሩን ሲያጠፋ ነፋስ ጀልባዋን ወደ አዞዎቹ ይገፋታል። እሱም ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት መለስ ያደርጋታል፤ እንዲህ እያለ ባለችበት ያቆያታል። ዲፒ፣ ማለትም ዳይናሚክ ፖዚሽኒንግ፣ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ነፋሱንና ቦታውን የሚለኩት መሣሪያዎች መሆናቸው፣ ኮምፒውተሩ አስልቶ ትረስተሮቹን፣ ማለትም የመርከቡን ገፊ ሞተሮች፣ ማዘዙ ነው። የነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፍር ወይም የኢንተርኔት ገመድ በባሕር ወለል ላይ የሚዘረጋ መርከብ ያለዚህ አይሠራም።

ወጣቱ፦ በእኛ አገር መርከቦች ላይ መለማመድ አይቻልም?

ጋሼ፦ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ሥራው ጭነት ማመላለስ ነው። ከወደብ ወደብ ለሚጓዝ ጭነት መርከብ ዲፒ ምን ያደርግለታል? ይህን የምታገኘው የነዳጅ፣ የጋዝና የገመድ ሥራ ባላቸው የውጭ ኩባንያዎች ዘንድ ነው። አስቀድመህ ግን መርከበኛ ሁን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ እንዳንተ ያሉትን የኤሌክትሪካልና የሜካኒካል ምሩቃን ይቀበላል። ለኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰርነት ዓለም አቀፉ ደንብ የወርክሾፕና የባሕር ልምምድ ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ወሩ ባሕር ላይ መሆን አለበት።

ወጣቱ፦ አንድ ደላላ ግን በሁለት ሳምንት የዲፒ ሰርተፍኬት አስወጣልሃለሁ ብሎኛል።

ጋሼ፦ እሱ የሚሸጥልህ የኮርስ ወረቀት ነው። ለንደን ያለው ኖቲካል ኢንስቲትዩት ለባሕር ላይ ሥራ የሚሰጠው የኦፊሰር ሰርተፍኬት በደረጃ የሚገኝ ነው። መጀመሪያ የመግቢያ ኮርስና ፈተና አለ። ከዚያ ዲፒ ባለው መርከብ ላይ 60 ቀን ትሠራለህ፤ በሎግቡኩ፣ ማለትም በሥራ መዝገብህ፣ ላይ የተዘረዘሩትን ተግባራትም አንድ በአንድ ታከናውናለህ። ቀጥሎ የሲሙሌተር ኮርስና ፈተና ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ 60 ቀን። በመጨረሻ ካፒቴኑ ለሥራው ብቁ ነህ ብሎ ይፈርምልሃል። ይህን ሁሉ በ5 ዓመት ውስጥ መጨረስ አለብህ። ስለዚህ የሚወስድህ መርከብ ሳታገኝ ለኮርስ አትክፈል፤ ሰዓቱ ዝም ብሎ ይቆጥርብሃል።

ወጣቱ፦ መርከቡ ላይ የዋልኩበት ቀን ሁሉ ይቆጠርልኛል?

ጋሼ፦ አይቆጠርም። ቀኑ እንዲቆጠር መርከቡ በዕለቱ በዲፒ ላይ ቢያንስ 2 ሰዓት መሥራት አለበት። ወደብ ላይ ቆሞ የዋለበትን ቀን አትጻፍ። የመርከቡንም የዲፒ ክላስ ተመልከት። በክላስ 2 አንድ የሚሠራ መሣሪያ ቢበላሽ መርከቡ ቦታውን አይለቅም፤ በክላስ 3 ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ በእሳት ቢያያዝ ወይም በውኃ ቢሞላ እንኳ አይለቅም። በሁሉም ክላስ ላይ የሚያሠራውን ያልተገደበ ሰርተፍኬት የምትፈልግ ከሆነ በእነዚህ ላይ መሥራት ይኖርብሃል።

ወጣቱ፦ የሚፈርመው ማን ነው?

ጋሼ፦ ቀኖቹን የሚፈርመው ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑም ቢሆን የራሱን ቀን ለራሱ አይፈርምም። ከዚህ በተጨማሪ ኩባንያው ቀኖቹን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጽፍልሃል። ሁለቱ ካልተመሳከሩ ማመልከቻህ ይቆማል።

ወጣቱ፦ ዐሥር ቀን ቢጎድለኝና ካፒቴኑ ደግ ሰው ሆኖ ቢሞላልኝስ?

ጋሼ፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 2012 የሆነውን ልንገርህ። በሰሜን ባሕር ቢቢ ቶፓዝ የተባለች መርከብ ጠላቂዎቿን 90 ሜትር ገደማ ታች አውርዳ ሳለ ዲፒው ከዳት፤ መርከቧም ተንሸራተተች። ክሪስ ሌመንስ የተባለው ጠላቂ የሚተነፍሰውን ጋዝና ሙቅ ውኃ የሚያደርስለት ቱቦ ተቆረጠ። የመጠባበቂያ ጋዙ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ተፈልጎ የተገኘው ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። በተአምር ተረፈ። አየህ፣ ከበላይ የተቀመጠው ሰው ያላየውን ቀን አይቻለሁ ብሎ ከሆነ፣ ከታች ያለው ሰው ሕይወት በሐሰት ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ ጋሞዎች እንዲህ ያለውን የተከለከለ ተግባር ጎሜ እንለዋለን። ኢንስቲትዩቱም ሐሰት ሲያገኝ ሰርተፍኬት ይነጥቃል።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ምን ይመክሩኛል?

ጋሼ፦ ሎግቡክህን ሥራው በተሠራበት ዕለት ሙላ። ከመርከብ ከመውረድህ በፊት ካፒቴኑን አስፈርምና ማኅተም አስመታ። ሰው ይቀያየራል፣ መርከብም ይሸጣል፤ ከወረድክ በኋላ ፈራሚ ፍለጋ ወራት ይፈጃል። ገጾቹን ሁሉ ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ሰርተፍኬቱን ካገኘህ በኋላም አትዘናጋ፤ በየ5 ዓመቱ ለማሳደስ በዲፒ የሠራህባቸው 150 ቀናት ያስፈልጉሃል። እነሱንም እንደ መጀመሪያዎቹ እያስፈረምክ ሂድ።