«እንዳለ ነው የሸጥኩልህ»
ያገለገለ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ

ያገለገለ መኪና ከነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ አንዳንዴም የዘመድ ብድር ጨምሮ ይዞ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። የመኪናውን ጠባይ ሻጩ ያውቃል፤ ደላላውም ያውቃል፤ የማያውቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ካምቢዮው አልገባ ሲለው ወይም ሞተሩ ዘይት መጨረስ ሲጀምር ወደ ሻጩ ይመለሳል። የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፦ «አይተህ ገዝተሃል፤ እኔ እንዳለ ነው የሸጥኩልህ።» ለመሆኑ ይህ ቃል ሻጩን ነፃ ያወጣዋልን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኢማሙ ማሊክ «ሙወጧእ» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ ባርነት በነበረበት በዚያ ዘመን ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ባሪያ ለእንከኑ ኃላፊ ላለመሆን ተስማምተው በ800 ድርሃም ሸጡ። ገዥው ግን ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ሲል አቤት አለ። ጉዳዩን የተመለከቱት ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) ሻጩ በሽታውን ሳያውቁ መሸጣቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመርም ከመማል ይልቅ የሸጡትን መልሰው መውሰድን መረጡ። ከፍርዱ የምንማረው «ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው ቃል ሻጩ የማያውቀውን እንጂ እያወቀ የደበቀውን እንደማይሸፍን ነው። ዑለሞች በዚህ ዓይነቱ ስምምነት ወሰን ላይ ቢለያዩም፣ የሚያውቁትን ነውር መደበቅ ሐራም በመሆኑ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ደላላውስ? ኢማሙ አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ሰሐባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ተከትለው ደረሱበትና ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የፈለጋት ሲሉ ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው እግሯ ቀዳዳ እንዳለበት አሳወቁት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ቢያማርርም፣ ጉድለትን የሚያውቅ ሁሉ የመናገር ግዴታ እንዳለበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን አስታወሱት። ስለዚህ ደላላው «መኪናው የእኔ አይደለም» ብሎ ዝም ማለት አይችልም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ከደበቀ፣ ኃላፊነቱን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ገዥውም ዕቃውን የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ስለሆነም ገዥው የሚከተሉትን ቢያደርግ መብቱ ይጠበቅለታል።

አንደኛ፣ መኪናውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ማየት ነው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃልና። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀለምን አለማመን ነው። በስቱኮ የተሞላ ቦታ ማግኔት አይዝም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን መርገጫው፣ መሪውና መቀመጫው ካለቁ ቆጣሪው ጥቂት ቢናገር አይታመንም።

ሦስተኛ፣ በሻጩ ሳይሆን በራስ በተመረጠ መካኒክ ማስመርመር ነው። የመካኒክ ክፍያ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አራተኛ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት መሆን አለመሆኑን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ማጣራት ነው።

አምስተኛ፣ ሻጩን «የምታውቀው ጉድለት አለ ወይ?» ብሎ በምስክር ፊት መጠየቅና መልሱን በውሉ ላይ ማስፈር ነው። በቃል የተነገረ ነገር በክርክር ጊዜ ይካዳል።

ስድስተኛ፣ ጉድለት ከተገኘ መንዳቱን አቁሞ ወዲያውኑ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። በሸሪዓ ገዥው በተደበቀ ነውር ምክንያት የመመለስ መብት አለው፤ ይህም ኺያሩል ዐይብ ይባላል። ነገር ግን ነውሩን ካወቀ በኋላ በዕቃው መገልገሉን ከቀጠለ እንደወደደው ይቆጠርበታል።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ባለቤቱ የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገበትን ምክንያት ጠይቀው አታላይነትን አወገዙ። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገትም ያው የረጠበ እህል ነው። ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋውን የቀነሰ ነጋዴ ያጣ ቢመስለውም፣ የሸጠለት ሰው ወንድሙንና ጎረቤቱን ይዞለት ይመጣል፤ በገንዘቡም ላይ በረካ ያገኛል። ደብቆ የሸጠው ግን ትርፉን ይዞ ቢሄድም የሰው ሐቅ በአንገቱ ላይ ነው።

ወላሁ አዕለም።